«ኢንሹራንሱ ይመልሰዋል» ተብላችሁ ለኦክስጅን ክፍል እንዳትከፍሉ

ሐዋሳ ውስጥ ቁስሉ አልድን ያለው የስኳር ሕመምተኛ፣ ከስትሮክ ያላገገመ አባት ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቤታችሁ ካለ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። «ሃይፐርባሪክ» ወይም በአጭሩ «የኦክስጅን ክፍል» የሚባል፣ ከፍ ባለ የአየር ግፊት ውስጥ ኦክስጅን የሚተነፈስበት ነገር በፓኬጅ እየተሸጠ ነው። ሃያ ጊዜ ትገባላችሁ፣ ሙሉውን አስቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ «ኢንሹራንሱ ይመልስላችኋል» ትባላላችሁ። ለእኛ ቤተሰብ አልመለሰም። ያልመለሰበትን ምክንያት ሳነበው ደግሞ ለብዙ ሰው እንደማይመልስ ገባኝ።

አክስቴ አቶቴ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። ግራ እግራቸው ላይ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ አልዘጋ ያለ ቁስል ነበራቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ተቀጥራ ስለምትሠራ የመሥሪያ ቤቷ የሕክምና ኢንሹራንስ እናቷንም ያካትታል። የኦክስጅን ክፍሉን የሚሸጠው ማዕከል ሠራተኛ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል እማማ? ደረሰኙን ብቻ ይያዙ፣ ሙሉውን ይመልሱልዎታል» አለቻቸው። አንዱ ዙር 3,500 ብር፣ ሃያው 70,000 ብር ነው። ዛሬውኑ ከተከፈለ 63,000። የአፍንጫ ቱቦው ለብቻው ይከፈላል። ልጅ እናቷን ልታሳክም አይደል፣ ገንዘቡን እዚያው በሞባይል ባንኪንግ አስገባች።

የኢንሹራንስ ኩባንያው መልስ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ሕክምናው በሐኪም አልታዘዘም። ቅድመ ፈቃድ አልተጠየቀበትም። አገልግሎቱን የሰጠው ቤት ደግሞ በጤና ተቋምነት ፈቃድ የለውም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ጥያቄውን ለመጣል ይበቃ ነበር። ደረሰኙን አውጥቼ አየሁት። «የኦክስጅን አገልግሎት፣ ፓኬጅ» ይላል እንጂ የበሽታው ስም የለበትም፣ የሐኪም ስምና ፊርማ የለበትም፣ በየትኛው ቀን ምን እንደተሰጠ አይገልጽም። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ፓኬጅ ተመላሽ አይሆንም» ተብሎ ታትሟል። ማዕከሉ ሄደን ስንጠይቅ «እሱ የእናንተና የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው» አሉን። ሲሸጡልን ግን የእነሱም ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ ሕክምናው ልግባ። ሕክምናው ራሱ ውሸት እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ትክክለኛው የግፊት ኦክስጅን ሕክምና የሚሰጠው ግድግዳው ጠንካራ በሆነ የታሸገ ክፍል ውስጥ ነው። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወለል አየር ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ይደርሳል። ሕመምተኛው መቶ በመቶ ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ አንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ ግፊት ኦክስጅኑ ራሱ የደም ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟና ደም በደንብ የማይደርሰው ሥጋ ድረስ ይዘልቃል። ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት የወጡ ጠላቂዎች ይታከሙበታል። በከባድ የከሰል ጭስ ለተመረዘ ሰው፣ የጨረር ሕክምና ለጎዳው አካልና ለአንዳንድ ከባድ የስኳር እግር ቁስሎችም ይውላል። (ከሰል ጭስ ካነሳሁ አይቀር፦ ቤት ውስጥ ጭስ የመታው ሰው ካጋጠማችሁ ወደ አየር አውጡትና ኦክስጅን ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ሩጡ። ክፍል ፍለጋ አትዙሩ።)

አክስቴ የገቡበት ግን በዚፕ የሚዘጋ፣ በአየር የሚነፋ ከረጢት ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ የግፊት መለኪያ አለች። አብሬያቸው ሄጄ ሲነፋ አየኋት፤ መርፌዋ 4 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ላይ ቆመች። ማስታወቂያቸው ላይ «1.3 አትሞስፌር» ይላል፤ 1 አትሞስፌር ማለት ባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ነው። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ባሕር ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የከተማችን አየር ግፊት 0.82 አትሞስፌር አካባቢ ነው። የመለኪያዋ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ደግሞ 0.27 ያህል ይጨምራል። ሲደመር 1.1 ገደማ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው 1 አትሞስፌር በነጻ ያገኛል። አክስቴ በ63,000 ብር የገዙት ጭማሪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ማለት ነው። ኦክስጅኑም ቢሆን በአፍንጫ ቱቦ የሚገባ ነው፤ ከከረጢቱ አየር ጋር እየተቀላቀለ ነው ሳንባ የሚደርሰው። አዳማ ላላችሁም ሒሳቡ ያው ነው፣ ከፍታችሁ ከእኛ ብዙ አይራራቅም።

ማዕከሉ ግድግዳ ላይ የለጠፈው «በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ወረቀትም አለ። ጥናቶች በእርግጥ አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት 94 የስኳር እግር ቁስል ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሏል። ከአንድ ዓመት በኋላ ኦክስጅኑን ካገኙት 52 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 29 በመቶው ቁስላቸው ድኗል። ጥሩ ውጤት ነው። ግን እነዚያ ሰዎች የገቡት 2.5 አትሞስፌር ውስጥ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት። ከዚያ በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኔዘርላንድስ የወጡ ጥናቶች እግር ከመቆረጥ በማዳን ረገድ ግልጽ ጥቅም አላገኙም። እንግዲህ በትክክለኛው ክፍል ውስጥ እንኳ ሐኪሞች ይከራከሩበታል። በከረጢቱ ላይ ክርክርም የለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉትን ለስላሳ ከረጢቶች የፈቀደው ለተራራ ከፍታ ሕመም ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ኦቲዝምን፣ ካንሰርንና ስኳርን በግፊት ኦክስጅን እናድናለን የሚሉ ሻጮችን እንዳያምን ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

ኢንሹራንስ ሲባል በሌላው ዓለም ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ለአረጋውያን የሚከፍለው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ለስኳር እግር ቁስል ይህን ሕክምና ይሸፍናል። ነገር ግን ቁስሉ ጥልቅ ሆኖ እስከ አጥንት ወይም እስከ መግል የደረሰ መሆን አለበት። ለ30 ቀን የተሟላ የተለመደ የቁስል ሕክምና ተሰጥቶት ምንም ለውጥ አለማሳየት አለበት። ከተጀመረ በኋላም በየ30 ቀኑ ካልተሻለው ክፍያው ይቆማል። ሕክምናው በየሆስፒታሉ ባለበት አገር እንኳ እንዲህ ነው የሚከፈለው። እዚህ ያለ ኩባንያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በከረጢት ለተሰጠ «አገልግሎት» ይከፍላል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ላላችሁም ያው ቃል እየተነገራችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እሱ መድን የሚሠራው ውል ከያዙ ጤና ተቋማት ጋር ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይወጣል። መንገድ ዳር ካለ የግል ማዕከል ደረሰኝ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም አይቀበላችሁም።

ስለዚህ አንድ ሳንቲም ከመክፈላችሁ በፊት የኢንሹራንሱን መልስ ከኢንሹራንሱ ራሱ ውሰዱ፣ ያውም በጽሁፍ። በሥራ ቦታ የተገባ ኢንሹራንስ ከሆነ የሰው ኃይል ክፍሉ ውሉን ይዞታል። የውሉን ቅጂ ጠይቁና ከሽፋን ውጭ የሆኑትን የሚዘረዝረውን ገጽ አንብቡ። ለተመላላሽ ሕክምና ስንት ብር ጣሪያ እንዳለው እዩ። ሻጩን ደግሞ የጤና ተቋም ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ የንግድ ፈቃድ ወይም የውበት ቤት ፈቃድ ሌላ ነገር ነው። የሕክምና መሣሪያ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ ማሽኑ የተመዘገበበትን ወረቀትም ጠይቁ። ሐኪሙ ማነው በሉ። ክፍያውም በዙር ይሁን። «ካልከፈላችሁ ቅናሹ ያልፋችኋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይለፋችሁ።

ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አክስቴ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ስልካቸውን ይዘው ነው ያስገቧቸው። ማንም አልጠየቃቸውም። ኦክስጅን በበዛበት ቦታ ቅባትና የእሳት ብልጭታ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያውቅ ባለሙያ በሩ ላይ ቆሞ ይፈትሽ ነበር፤ ትክክለኛው ቦታ የጥጥ ልብስ አስለብሶ፣ ቅባት አስጠርጎ፣ ስልክ ተቀብሎ ነው የሚያስገባው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በግፊት ኦክስጅን ክፍል ውስጥ በተነሳ እሳት ሞቷል። ልጁ የገባው ይህ ሕክምና ይጠቅማል ተብሎ ላልተረጋገጠ ችግር ነበር። እውነተኛው የግፊት ክፍል የስኳር መጠንንም ሊያወርድ ስለሚችል ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ ይለካል። አክስቴን ለክተዋቸው አያውቁም። ሳንባው አየር ያፈሰሰ ሰው ደግሞ ጭራሽ መግባት የለበትም። ይህንንም የጠየቀ አልነበረም።

አክስቴ በመጨረሻ በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ቁስሉን ገልጦ ሲያይ መጀመሪያ ያላቸው «እናቴ፣ ይሄንን እግር እየረገጡበት ነው እንዴ?» ነው። የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አወጣ። አጥንቱ ተነክቶ እንደሆነ ለማየት ራጅ አዘዘ። የእግራቸው ደም ሥር ይመታ እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰ። መድኃኒታቸውን አስተካከለ። ቁስሉ ላይ ክብደት እንዳያርፍ እግራቸውን የሚያሳርፍ ጫማ እንዲያደርጉ አዘዘ። የስኳር እግር ቁስል የሚድነው በዚህ ነው። እግሩን እየረገጡበት የፈለገውን ያህል ኦክስጅን ቢተነፍሱ ቁስሉ አይዘጋም። አሁን እየጠበበ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከረጢቱ ውስጥ ሲመላለሱ ያለፈው ጊዜ ግን ያናድደኛል፤ የስኳር ቁስል በሳምንታት ውስጥ አጥንት ሊደርስ ይችላል።

የተከፈለው 63,000 ብር ገና አልተመለሰም። ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ አቤቱታ አስገብተናል፣ ለንግድ ቢሮም እንዲሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ጉዳት ሲደርስበት የመካስ መብት ይሰጠዋል። «ተመላሽ አይሆንም» የሚለው የደረሰኝ ጀርባ ጽሁፍ ይህን መብት አያጠፋውም ብለን ነው የምንከራከረው። እዚያው ቤት የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙን፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና ኢንሹራንሱን በተመለከተ የላኩላችሁን መልእክት አታጥፉ። የራሳችሁን አቤቱታ ለጤና ቢሮው አስገቡ፤ ብዙ ስንሆን ፋይሉ ቶሎ ይታያል።