ኤክሴል ሶልቨር፣ ጉሮቢ ወይስ ነጻዎቹ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ዱቄትና ዘይት የሚያከፋፍሉ፣ ሁለት ሦስት አይሱዙ ያላቸው ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ከየትኛው መጋዘን ለየትኛው ሱቅ እንላክ የሚለውን በኮምፒውተር እናስላ፤ የቱን ሶፍትዌር እንግዛ?» የእኔም መልስ አንድ ነው፦ ምንም አትግዙ። ምክንያቱን በስልክ መድገም ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ኤክሴል ውስጥ ባለው፣ ምርጡን ድልድል አስልቶ በሚሰጠው ሶልቨር ነው። ተጨማሪ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ግን ከ200 በላይ ተለዋዋጭ፣ ማለትም እንዲወስንላችሁ የምትተዉለት ቁጥር፣ አይቀበልም። ከእያንዳንዱ መጋዘን ለእያንዳንዱ ሱቅ የሚላከው አንድ ተለዋዋጭ ነው፤ 3 መጋዘንና 60 ሱቅ ካላችሁ 180 ስለሚሆን ያልፋል። አራተኛ መጋዘን ስትከፍቱ 240 ይሆንና አበቃ። የአንድ መኪና የጉዞ ቅደም ተከተል ከሆነማ 20 ሱቅ እንኳ ይከብደዋል። ከመጋዘኑ ጋር 21 ቦታ ነው፤ ከእያንዳንዱ ወደ ሌሎቹ 20 መንገድ አለ፤ 420 ተለዋዋጭ ማለት ነው።

ገንዘብ የሚበላው ግን ሌላ ነገር ነው። ግማሽ መኪና ስለማይላክ ስሌቱ በሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። እዚህ ላይ ኤክሴል ከምርጡ መልስ 1 በመቶ ያህል ሲቀረው «አገኘሁ» ብሎ ሊቆም ይችላል። የወር ማጓጓዣችሁ 1 ሚሊዮን ብር ከሆነ እስከ 10 ሺህ ብር ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። የሶልቨሩ አማራጮች (Options) ውስጥ ገብታችሁ ያንን መቶኛ ወደ 0 አውርዱት።

ይህንኑ ስሌት የሚሠሩት፣ በገንዘብ የሚሸጡት ጉሮቢና (Gurobi) ሲፕሌክስ (CPLEX) ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ከጉሮቢ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሮበርት ቢክስቢ ቀድሞ ሲፕሌክስን የሠራው ሰው ነው። ከባድ ስሌት ላይ ነጻዎቹን ጥለው ይሄዳሉ። ግን ለጉሮቢ ሙሉ የንግድ ላይሰንስ የሚጠየቀው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ያንን ዶላር ማባዛት ራሱ ያማል። ዩኒቨርሲቲ ያለው ወንድማችሁ በነጻ ያገኘው ላይሰንስ ደግሞ ለትምህርትና ለምርምር እንጂ ለንግድ አይፈቀድም።

ክራኩስ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ላይሰንስ የሚሸጠው? አንድ ወዳጄ ሲፕሌክስን «ፉል ነው፣ ምንም አይጎድለውም» ተብሎ በፍላሽ ገዛ። ሱቅ ሲጨምር ከ1000 ተለዋዋጭ አልፈሃል አለው። ለካ የተሸጠለት ማንም በነጻ የሚያወርደው ናሙና ኖሯል! ሻጩ «ማስተካከያ» ብሎ የጨመረለት ፋይል ደግሞ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር በቫይረስ ሞላው። ዊንዶውስ እንደገና ማስጫኑ ቀላሉ ወጪ ነበር። የጠፋውን የሽያጭ መዝገብ ከደረሰኝ እየለቀሙ ማስገባቱ ነው ያደከማቸው።

እኔ የምመርጠው ነጻዎቹን ነው። ኤክሴል ላይ የሠራችሁት ካለ ኦፕንሶልቨርን ጫኑበት። የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ያንኑ ሞዴል ሳታፈርሱ ያለ 200 ገደብ ይፈታል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ የሚችል ልጅ ካላችሁ ለመጋዘንና ለጭነት ድልድል ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሃይስ (HiGHS) አለ። ለንግድ መጠቀም ይፈቀዳል፣ አንድ ብር አይጠይቅም።

ለመኪና ጉዞ ደግሞ ነጻው የጎግል ኦአር ቱልስ (OR-Tools) ነው። የመኪናውን አቅምም ሱቁ የሚከፈትበትን ሰዓትም አብሮ ያስባል። መልሱ በጣም ጥሩ ይሆናል እንጂ ከሁሉ ምርጡ መሆኑን አያረጋግጥላችሁም። መልሱን እያሻሻለ እንዲሄድ ስታዙት የጊዜ ገደብ መስጠትን አትርሱ፤ አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ያድራል፣ ሾፌሩም ጠዋት መጥቶ ይቆማል።

ጉሮቢ የሚያስቀናኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። «መፍትሔ የለም» ሲል ካስገባችኋቸው ገደቦች፣ እንደ መኪና አቅምና የሱቅ ትዕዛዝ ካሉት፣ የተጋጩትን ነጥሎ ያሳያችኋል። በነጻዎቹ እኔ በቅጣት ነው የማልፈው። ለሱቅ ሳይደርስ የቀረ እያንዳንዱ ኩንታል በስሌቱ ውስጥ 5 ሺህ ብር ይቀጣ እላለሁ። መልሱ ሲመጣ ቅጣት የታየበት ሱቅ ጋ ነው ጣጣው፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ትዕዛዝ ወይም ቀን መኪና የማይገባበት መንገድ ይገኛል።

ለላይሰንስ ያሰባችሁትን ብር ፓይተን ለሚጽፍላችሁ ልጅ ክፈሉት። ግን ግማሹን ያዙ። ያለፈውን ሳምንት እውነተኛ ትዕዛዝ አስገብቶ የነዳጁን ወጪ ሾፌሮቻችሁ በልምድ ከሄዱት ጋር ጎን ለጎን ሲያሳያችሁ፣ ኮዱንም ሲያስረክባችሁ ቀሪውን ስጡት።