የፀሐይ ኃይል ጥቅል ለሩቅ የአየር ሁኔታ ጣቢያ፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ጣቢያው ዝም ያለው በተከታታይ ሰባተኛው ደመናማ ቀን ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። በደረሰኝ የመጨረሻ መልእክት ላይ ዝናቡ እየበረታ መሄዱ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ቀን ከግማሽ ያህል ምንም ቁጥር የለም። የዝናብ መለኪያው ተገልባጭ ጽዋ ለመገልበጥ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ በየ0.2 ሚሊሜትሩ መገልበጡን አላቆመም፤ የሚቆጥርለት ግን አልነበረም። ያለፈ ዝናብ ተመልሶ አይለካም። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በመረጃ ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ የቀረው ያ ክፍተት ነው።

የምገመግመው ዕቃ ከኤሌክትሪክ መስመር ለራቁ የመለኪያ ጣቢያዎች ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ የፀሐይ ኃይል ጥቅል ነው። በውስጡ ባለ 36 ሴል የ20 ዋት ፓነል፣ የ10 አምፔር ቻርጅ መቆጣጠሪያ (ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳይራቆት የሚጠብቅ)፣ የ12 ቮልት 18 አምፔር-ሰዓት (አንድ አምፔር-ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲወሰድ ነው) የታሸገ የእርሳስና አሲድ ባትሪ፣ ውኃ የማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን፣ የፓነል ማቀፊያ ብረትና 10 ሜትር ገመድ ይገኛል። እኔ የተጠቀምኩበት በአንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ለተተከለ ጣቢያ ሲሆን፣ ጣቢያው የነፋስ፣ የሙቀት፣ የእርጥበትና የዝናብ መለኪያዎች፣ መረጃ መዝጋቢ ሎገር፣ በየሰዓቱ የሚልክ የሞባይል ኔትወርክ ሞደም፣ እንዲሁም የሙቀት መለኪያውን መጠለያ የሚያናፍስ አነስተኛ ፋን አለው። ከግዢው በፊት የእነዚህን ዕቃዎች ዝርዝር ለሻጩ ልኬ፣ ጥቅሉ ያለ ምንም ፀሐይ 8 ቀናት ያቆያል የሚል መልስ አግኝቼ ነበር።

በመልካሙ ልጀምር። ፓነሉ ያለ ማጋነን ጥሩ ነው። በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ገመዶቹን ፈትቼ በመልቲሜትር ስለካው፣ የሰጠኝ የሾርት አምፔር (ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ሲገናኙ የሚፈሰው) በጀርባው ከተለጠፈው ቁጥር እምብዛም አላነሰም፤ ከ14 ወራት በኋላ መስተዋቱን ጠርጌ ስለካውም ያው ነበር። ጀርባው ላይ ያለው የገመድ ማገናኛ ሳጥን በሚገባ ስለታሸገ፣ ከፍቼ ሳየው የእርጥበት ምልክት አላገኘሁበትም። የ36 ሴሎቹ ቁጥርም ለ12 ቮልት ባትሪ የሚስማማ ነው፤ ፓነሉ በሙሉ ፀሐይ ወደ 18 ቮልት ስለሚሰጥ፣ በሙቀት ምክንያት ጥቂት ቢወርድም ባትሪውን ለመሙላት የሚበቃ ትርፍ ይቀረዋል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። መቆጣጠሪያው ቀላሉ ዓይነት፣ ማለትም ፓነሉን በባትሪው ቮልት ላይ እንዲሠራ የሚያስገድደው ፒደብልዩኤም የሚባለው በመሆኑ፣ ከ20 ዋቱ ባትሪው የሚያገኘው ከ14 ዋት ብዙም አይበልጥም። ይህ የጥቅሉ ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ባሕርይ ነው፤ ስለዚህ ሲሰላ ዋቱን ትቶ አምፔሩን መያዝ ይሻላል። ፓነሉ የሚሰጠው 1.1 አምፔር ገደማ ነው።

ችግሩ ያለው ሰው ትኩር ብሎ በማያየው በመቆጣጠሪያው ላይ ነው። ከተቋረጠው መረጃ በኋላ ወደ ጣቢያው ወጥቼ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ ለካሁ። ሎገሩና መለኪያዎቹ በአማካይ 6 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ፤ ይህም በቀን 0.14 አምፔር-ሰዓት ነው። ሞደሙ በየሰዓቱ ለአንድ ደቂቃ ብቻ እየበራ በቀን 0.12 አምፔር-ሰዓት ይፈጃል። ፋኑ 80 ሚሊአምፔር ቢሆንም ሌት ተቀን ስለሚዞር በቀን 1.92 ይደርሳል። መቆጣጠሪያው ራሱ ደግሞ ምንም ሳይሠራ፣ በሌሊት ትንሿን አረንጓዴ መብራቱን እያበራ፣ 12 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ይህም በቀን 0.29 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። ፋኑን ለጊዜው እንተወውና፣ መቆጣጠሪያው ለራሱ የሚወስደው ሎገሩ፣ መለኪያዎቹና ሞደሙ አንድ ላይ ከሚወስዱት ይበልጣል። በትልቅ የቤት ሥርዓት ውስጥ 12 ሚሊአምፔር ከቁጥር አይገባም፤ በእንዲህ ያለ ትንሽ ጣቢያ ግን የቀለቡን ብዙ እጅ የሚበላ እንግዳ ነው። በመመሪያው ወረቀት ላይ ይህ ቁጥር አልተጻፈም፤ መጻፍ ነበረበት።

ጠቅላላ ድምሩ በቀን 2.47 አምፔር-ሰዓት ሆነ። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከተፈለገ ከይዞታው ግማሽ በላይ መወሰድ የለበትምና፣ ከ18ቱ ውስጥ በእርግጥ የእኛ የሚሆነው 9 ነው፤ 9 ለ2.47 ሲካፈል ሦስት ቀን ተኩል ብቻ ይሰጣል። ሻጩ 8 ቀናት ያለው ባትሪውን እስከ ባዶ ድረስ ቆጥሮ፣ የመቆጣጠሪያውንም ፍጆታ ትቶ እንደሆነ ከራሱ ስሌት ለማየት አያዳግትም። በሌላ በኩል፣ ፀሐይ በደከመችበት ወር ቀኑ በሙሉ የሚሰጠው ብርሃን ከሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር ቢስተካከል፣ ፓነሉ 2.2 አምፔር-ሰዓት ይሰጣል፤ ባትሪው ሲሞላ የሚባክነው ሲቀነስ 1.9 ገደማ ይቀራል። ወጪው 2.47፣ ገቢው 1.9 በሆነበት ወር ጣቢያው መቆሙ አይቀርም፤ ጥያቄው የሚቆምበት ቀን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በስሌት የሚገኝ ስለሆነ የኔም ድርሻ አለበት፤ ዕቃውን ከመትከሌ በፊት መለካት ነበረብኝ። ቀጥሎ ያለው ግን ገዢ በቀላሉ ሊያውቀው የሚችል አይደለም። መቆጣጠሪያው ባትሪው 11.1 ቮልት ሲደርስ ጭነቱን፣ ማለትም ከባትሪው ኤሌክትሪክ የሚወስዱትን ዕቃዎች፣ እንዲቆርጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። እኔ ስደርስ ባትሪው 9.4 ቮልት ላይ ነበር፤ ሳይቆረጥ ማለት ነው። መጀመሪያ መቆጣጠሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ማሳያው ላይ ጭነቱ ተቆርጧል ይላል፣ ሞደሙ ደግሞ ለመነሣት እየሞከረ በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ይላል። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በጭነቱ ኔጋቲቭ ላይ ሳደርግ ነገሩ ተገለጠልኝ። ይህ መቆጣጠሪያ፣ እንደ ብዙዎቹ ርካሽ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ፣ የሚቆርጠው በፖዘቲቩ በኩል ሳይሆን በኔጋቲቩ በኩል ነው። የአየር ሁኔታ ጣቢያ ደግሞ ለመብረቅ ሲባል ምሰሶውም፣ ሎገሩም፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው የመብረቅ መከላከያም መሬት ውስጥ ከተተከለ ዘንግ ጋር በመዳብ ገመድ ይታሰራሉ። መከላከያው ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር፣ ሎገሩም ከጭነቱ ኔጋቲቭ ጋር ስለሚገናኝ፣ መቆጣጠሪያው በሩን ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ በመዳቡ ገመድ ዞሮ ይመለሳል። በሩ ተዘግቷል፣ አጥሩ ግን ክፍት ነው።

ጥቅሉ ለቤት መብራት ቢሸጥ ኖሮ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም ነበር። ለመለኪያ ጣቢያ ተብሎ፣ ከመብረቅ መከላከያ ማሰሪያ ጋር እየተሸጠ ግን ይቅርታ የሚደረግለት ስሕተት አይደለም፤ የመመሪያው ሥዕል ራሱ መከላከያውም ሎገሩም ከመሬት ጋር እንዲያያዙ ያዛል። ለሻጩ ጽፌ የደረሰኝ መልስ የመሬት ገመዱን ከሎገሩ እንድፈታ የሚመክር ነበር፤ በኮረብታ ጫፍ ላይ ለቆመ የብረት ምሰሶ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ባትሪው ከዚያ በኋላ ሞልቶ ሲፈተን የያዘው 11 አምፔር-ሰዓት ብቻ ሆነ። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚጋገረው የእርሳስ ሰልፌት ተመልሶ ስለማይሟሟ፣ የጠፋው ይዞታ አልተመለሰም።

ገመዱም ቀጭን ነው። ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር በመሆኑ የ10 ሜትሩ የደርሶ መልስ ሬዚስታንስ ወደ 0.47 ኦም ይደርሳል፤ ለፓነሉ 1.1 አምፔር ይህ ግማሽ ቮልት ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። ሞደም ግን መልእክት ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ በዚያ ቅጽበት አንድ ቮልት የሚጠጋ ገመዱ ላይ ይቀራል፣ 12 ቮልት ያለው ባትሪም ለሞደሙ 11 ሆኖ ይታየዋል። ሞደሙን ከባትሪው ርቆ የሚያስቀምጥ ሰው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይግዛ። በተጨማሪም ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የሚገባ ፊውዝ በጥቅሉ ውስጥ የለም፤ ይህ ሊታለፍ የማይገባ ነገር ስለሆነ የራሴን ጨምሬያለሁ።

ሳጥኑ ደህና ነው። ገመዶቹ ከሥር የሚገቡ በመሆናቸው ዝናብ ተከትሏቸው አይወርድም፤ መተንፈሻ ቀዳዳውም በወንፊት የተሸፈነ ስለሆነ ከባትሪው ሊወጣ የሚችለው ጋዝ አይታመቅም፣ ነፍሳትም አይገቡም።

የፓነሉ ማቀፊያ ከመለኪያዎቹ ጋር በአንድ ምሰሶ ላይ፣ ከሙቀት መለኪያው ሥር እንዲታሰር የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ በፍጹም አልስማማም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የአየር ሙቀት ከመሬት በላይ ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲለካ የሚመክረው የአካባቢውን አየር ለመወከል ነው፤ ከሥሩ በፀሐይ የጋለ ጥቁር ሰሌዳ ከተቀመጠ የሚለካው ከሰሌዳው የሚነሣው ሙቀት ይሆናል። እኔ ፓነሉን በሌላ አጭር እንጨት ላይ፣ ከምሰሶው አራት ሜትር ርቆ ወደ ምድር ወገብ በሚያዘነብለው አቅጣጫ ተከልኩት። በዚህ በኩል ሲቆም የምሰሶው ጥላ እኩለ ቀን ላይ አያገኘውም፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሴል ላይ ያረፈ የገመድ ጥላ እንኳ የሁሉንም ምርት ይቀንሳል። ዘንበል የሚልበትን ማዕዘን ደግሞ ከቦታው ኬክሮስ 15 ዲግሪ ያህል ጨመር ማድረጉ ፀሐይ ዝቅ ለምትልበት ወቅት ይጠቅማል፣ አቧራውንም ዝናብ በቀላሉ ያጥበዋል። ወፎች በላይኛው ጠርዝ ላይ ማረፍ ስለሚወዱ፣ ከጠርዙ ጥቂት ከፍ አድርጌ ቀጭን ሽቦ ወጥሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የወፍ ኩስ ተጋግሮበት አላገኘሁትም።

ቅዝቃዜን በተመለከተ፣ መቆጣጠሪያው የባትሪውን ሙቀት የሚለካበት መንገድ የለውም። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲወርድ የመሙያው ቮልት ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት መጨመር ስላለበት፣ 5 ዲግሪ ላይ ያለ ባትሪ 25 ዲግሪ ላይ ካለው ግማሽ ቮልት ያህል የበለጠ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ሁልጊዜ ሳይሞላ ይከርማል። ሻጩ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ያለውን ሌላ ጥቅልም ያቀርባል። ያ ባትሪ ቀላል ነው፣ አብዛኛውን ይዞታውንም ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ከተሞላ ሊቲየሙ በውስጡ እንደ ብረት እየተለጠፈ ለዘለቄታው ስለሚያበላሸው፣ ንጋት ላይ ውርጭ በሚጥልበት በእኔ ኮረብታ አልመረጥኩትም። ውርጭ በማይታወቅበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ግን ያንኛው ይሻለዋል።

አሁን የቀሩኝ ፓነሉ፣ ሳጥኑና ማቀፊያው ናቸው፤ ለእነዚህ ሲባል ጥቅሉን መግዛት አያስቆጭም፣ የሚገዛው ሰው መቆጣጠሪያውን ወዲያውኑ ለመለወጥ ከወሰነ። እንዳለ ተተክሎ ለብቻው የሚተው ከሆነ ግን አልመክረውም። እኔ በቦታው ያስገባሁት በፖዘቲቩ በኩል የሚቆርጥ፣ ለራሱ 1 ሚሊአምፔር ብቻ የሚወስድና ባትሪው ላይ የሚለጠፍ የሙቀት ሴንሰር ያለው ነው። ባትሪውን በተመሳሳይ አዲስ ባትሪ ተካሁት፤ ፋኑም ፀሐይ በሌለችበት ሰዓት መጠለያውን የሚያግል ነገር ስለሌለ፣ ቀን ላይ ለ12 ሰዓት ብቻ እንዲዞር በሎገሩ አዘዝኩት። የቀኑ ፍጆታ ከ2.47 ወደ 1.25 አምፔር-ሰዓት ወረደ፤ በደካማው ወርም ገቢው ከወጪው በላይ ሆነ። ከለውጡ በኋላ ስድስት ደመናማ ቀናት ተከታትለው መጥተው ነበር። በስድስተኛው ንጋት ላይ የደረሰኝ የባትሪ ቮልት 12.4 ሲሆን፣ የዝናቡም ቁጥር ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ መጨረሻው አንድም ሳይጎድል ተመዝግቦ ነበር።