ባለ ከመነዳሪ ጎማ ወይስ ቱብለስ?
የብስክሌት ጎማ መንገድ ላይ እንዳይተነፍስ ከሚረዱት አማራጮች አንዱ ውስጡ ጠንካራ መከላከያ ንጣፍ ያለው ባለ ከመነዳሪ ጎማ፣ ሌላው ከመነዳሪ የሌለውና ደፋኝ ፈሳሽ የሚጨመርበት ቱብለስ ነው። ንጣፉ የጠርሙስ ስባሪ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግዳል፤ ሆኖም ጎማውን ያከብደዋል፣ ነፋሱም ካነሰ ከመነዳሪው በጉድጓድ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ቱብለስ የሚቆነጠጥ ከመነዳሪ ስለሌለው ነፋሱን ቀነስ አድርጎ መንዳት ያስችላል፤ እሾህ ሲወጋውም ፈሳሹ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ይረጋና ይደፍነዋል። ፈሳሹ ግን በወራት ውስጥ ስለሚደርቅ መጨመር አለበት፤ ሰፊ ስንጥቅንም አይደፍንም። ስለዚህ ዘወትር ለሚነዳ ሰው ቱብለስን፣ አልፎ አልፎ ለሚወጣ ግን ባለ ከመነዳሪውን እመርጣለሁ። የትኛውም ቢሆን፣ ከጉዞ በኋላ ጎማውን በዝግታ እያሽከረከሩ የተሰካ ስባሪ መንቀል ያስፈልጋል፤ ስባሪው በየዙሩ እየጠለቀ ይሄዳልና።