ቻፈ ሞሪና ኬላ ላይ ጥሎኝ ላልሄደው ሹፌር

ምስጋናዬ ከባይራም ጹሪ ጃኮቫ ለሚሠራ አንድ የፉርጎን ሹፌር ነው። ባይራም ጹሪ በሰሜን አልባኒያ ተራሮች ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ጃኮቫ ከድንበሩ ወዲያ፣ ኮሶቮ ውስጥ ነው። ፉርጎኑ የእኛው ሚኒባስ በሉት፦ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም።

መንገዱን ለማታውቁ፣ በአውሮፓ በጋ ጠዋት 3 ሰዓት ከኮማን ሐይቅ አንድ ጫፍ፣ እዚያው አልባኒያ ውስጥ የሚነሳ ጀልባ አለ። ሐይቁ የድሪን ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። ጀልባው በገደሎች መሃል ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዞ ለባይራም ጹሪ ቅርብ የሆነችው ፊየርዛ ያወርዳችኋል። ውበቱን ሌላ ሰው ይጻፈው። ፊየርዛ ላይ የከበቡኝ ባለታክሲዎች የጠሩት ዋጋ የፈረንጅ ዋጋ ነው፤ ፈረንጅ አለመሆኔም አላስማረኝም! የምነግራችሁ የፉርጎን ሹፌር ግን ከእኔም፣ አጠገቤ ጆንያ ታቅፈው ከተቀመጡት እናትም እኩል ተቀበለ። ሌክ (የአልባኒያ ገንዘብ) አልቆብኝ ዩሮ ስሰጠው መልሴን ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሮ መለሰ።

ዋናው ነገር የአልባኒያና የኮሶቮ ድንበር ኬላ፣ ቻፈ ሞሪና ላይ ነው። ሌሎቹ መታወቂያ አሳይተው በአፍታ አለፉ። የኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ከአንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው ዞረ። በእርግጥ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ይዣለሁ፤ በሱ ኮሶቮ ያለ ቪዛ እስከ 15 ቀን ያስገባል። ይህን ግን ፖሊሱም ማረጋገጥ ነበረበት፣ ስልክ ተደወለ። ሹፌሩ ሻንጣዬን አውርዶ ላሽ ማለት ይችል ነበር። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ መስኮቱ ጋ ከጎኔ ቆመ። ከኋላ አንዱ ሲያጉረመርም ዞር ብሎ አንዲት ቃል ተናገረው፤ ምን እንዳለው አላውቅም፣ ሰውዬው ግን ጸጥ አለ። በመጨረሻ ማህተሙ ተመታ።

መንገድ ላይ በተሰባበረ ጀርመንኛ «ቀጥሎ ወዴት ነህ?» አለኝ። የሰርቢያዋ ቤልግሬድ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ሰርቢያ የኮሶቮን ነፃነት ስለማትቀበል፣ በአልባኒያ በኩል ኮሶቮ የገባን የውጭ ሰው በሕጋዊ መንገድ እንደገባ አትቆጥረውም፤ ከድንበር ሊመልሱህ ይችላሉ አለኝ። በኮሶቮ ዋና ከተማ በፕሪሽቲና አድርጌ ወደ ሰሜን መቄዶንያዋ ስኮፕዬ እንድሄድ መከረኝና ጃኮቫ መናኸሪያ የፕሪሽቲናው አውቶቡስ በር ድረስ አደረሰኝ። እኔ ግን አውቶቡሱን አሳልፌ እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሶቮ ጦርነት ተቃጥሎ እንደገና የተሠራውን አሮጌ ገበያ አየሁ። ማኪያቶአቸውንም ቀመስኩ። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኜ ይሄን መናገር ይከብደኛል፣ ግን ይችሉበታል።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የምትሄዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው አገናኛችኋለሁ። ድንበሩን «ሞሪና» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከአልባኒያዋ ኩከስ ወደ ኮሶቮዋ ፕሪዝረን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሌላ ሞሪና አለ። የቪዛ ደንቡንም ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ፣ ይቀያየራል።