ስቶክ (አክሲዮን) የወደቀ ሰሞን የሰፈራችን ክሬዲት ዩኒየን እንዴት እንዳስተናገደን

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለች ትንሽ ክሬዲት ዩኒየን (እንደ ባንክ ሆና ባለቤቶቿ አባላቱ ራሳቸው የሆኑባት) ነች፣ አባል ለመሆን 5 ዶላር ሴቪንግ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጣታለሁ። ትላልቆቹ ባንኮች ተራ ሴቪንግ ላይ እኮ 0.01% ነው የሚከፍሉት፣ ማለትም 10,000 ዶላር ዓመት ሙሉ አስቀምጣችሁ 1 ዶላር! እዚህ ሰርተፊኬት (ባንኮቹ ሲዲ የሚሉት፣ ብሩን ለተወሰነ ጊዜ ሳትነኩ የምታስቀምጡበት) 4% አካባቢ ስለሚከፍል በዚያው ብር 400 ዶላር ገደማ ታገኛላችሁ።

ግን እኔን ያስደሰተኝ ወለዱ አይደለም። ኤፕሪል 2025 ትራምፕ ታሪፉን (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ) ያወጀ ጊዜ ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ገደማ ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ስቶክ መለኪያ) በሁለት ቀን ብቻ ከ10% በላይ ወረደ፣ የባለቤቴ ወንድም ስልኩ ላይ ሁሉም ነገር ቀይ ሆኖ ሲያይ ብሬ ተበላ ብሎ እንቅልፍ አጣ፣ ሰኞ ጠዋት ከድሮ ስራው የቀረለትን 401ኬ (በመስሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ብር፣ የሱ ስቶክ ላይ ነው ያለው) በሙሉ አውጥቼ ሰርተፊኬት ውስጥ ልክተት ብሎ አብረን ሄድን። የተቀበለችን ሐበሻ ልጅ ነች። ሌላ ቦታ ቢሆን ብሩ ለነሱ ስለሚገባላቸው ደስ ብሏቸው ያስፈርሙት ነበር፣ እሷ ግን መጀመሪያ "ጋሼ፣ ይሄን ብር መቼ ነው የሚፈልጉት?" አለችው። ጡረታ ስወጣ አላት። የኢንቨስትመንት አማካሪ አይደለሁም ብላ ነገረችውና ወረቀት ስባ 40,000 ብላ ጻፈች፣ ከስሩ ዕድሜዎ 59 ተኩል ስላልሞላ 10% ቅጣት 4,000፣ ታክሱ ደግሞ ለብቻው። ዝም ብሎ ወረቀቱን አየ፣ ከዛ አጥፎ ኪሱ ከተተው። የያዘው አክሲዮን እኮ ብዛቱ አንድም አልጎደለም፣ የወረደው ያን ቀን ቢሸጥ የሚያገኘው ዋጋ ነው።

ረቡዕ እለት ገበያው በአንድ ቀን 9.5% ተመለሰ። ማንም አስቀድሞ አላወቀም፣ እሷም አላወቀችም፣ ከዛ በላይ ሊወርድም ይችል ነበር። በ2020 ኮሮና ሲገባ በአንድ ወር 34% ወርዶ ኦገስት ላይ ወደነበረበት ተመልሷል፣ ከ2007 እስከ 2009 ግን 57% ወርዶ ወደ ቦታው የተመለሰው 2013 ነው። ስለዚህ መቼ ነው የሚፈልጉት የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ለቤት ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) የምትከፍሉትን ብር ስቶክ ውስጥ ካስቀመጣችሁ እስኪመለስ የምትጠብቁበት ጊዜ የላችሁም፣ የሱ ቦታ ሰርተፊኬት ወይ ሴቪንግ ነው።

ወገኖች ይሄንን ደግሞ ልብ በሉ፦ ክሬዲት ዩኒየን ውስጥ ያስቀመጣችሁት እስከ 250,000 ዶላር በመንግስት ኢንሹራንስ (ኤንሲዩኤ) የተሸፈነ ነው፣ ባንክ ጋር ደግሞ ኤፍዲአይሲ እኩል ይሸፍናል። ግን እዛው ህንፃ ውስጥ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዞ ሚውቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰው ብር ተሰብስቦ ስቶክና የመሳሰሉት የሚገዛበት) ምናምን የሚሸጠው ሰውዬ ጋር የገባችሁበት አይሸፈንም፣ ከወረደ ወረደ ነው። ብዙ ሰው በአንድ በር ስለገባ አንድ ይመስለዋል፣ በተለይ እናት አባቶቻችን።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት አፑ ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ሌላ ቅርንጫፍም ስለሌላቸውና ወደ ሀገር ቤት ብር ስለማይልኩ ነው። ሰርተፊኬት የምትከፍቱ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጊዜው ሳይደርስ ባወጣው ስንት ወር ወለድ ትቆርጣላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ግማሽ ቀን ስለሆነ በጠዋት ሂዱ።