መርፌው ተንቀሳቀሰ ብላችሁ ላይት ሜትር እንዳትገዙ

ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ በፊልም ካሜራ የምታነሱ ሁሉ ይችን አንብቡልኝ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ አትበሉ።

ካሜራዬን የወረስኩት ከአጎቴ ነው። የራሱ የብርሃን መለኪያ፣ ማለት ላይት ሜትር፣ የለውም። ባሕር ዳር አንድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ በእጅ የሚያዝ ላይት ሜትር አገኘሁ፤ የቆዳ ማኅደሩ ሳይቀር አለ። ሻጩ ወደ መስኮቱ አዞረው። መርፌው ዘለለ። በመዳፉ ከለለው፣ መርፌው ወደቀ። «ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ ባትሪ እንኳ አይጠይቅህም» አለኝ። 5,000 ብር ያለውን በ4,500 አስቀንሼ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ወጣሁ።

ጥር 11 ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። የፊልሜ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ነው። መለኪያው በዚያ በጠራራ ፀሐይ በ1/250 ሴኮንድ ፍጥነት የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ላይ ክፈት አለኝ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። እኔም እሺ ብዬ ሁለት ሮል ጨረስኩ። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ ብርሃን በዝቶበት ነጌቲቩ ጥቁር ብሏል። የእናቶች ነጠላ ነጭ ብቻ ነው፣ ጥለቱ የለም። ፊት ሁሉ ገርጥቷል። ኤፍ 16 ሊለኝ ሲገባ 5.6 ብሎኛል፤ 3 ስቶፕ ማለት ነው፣ አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። ስምንት እጥፍ ብርሃን አስገብቻለሁ። (የለካሁት ከመሬቱ ነበር። ነጩን ነጠላ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ስህተት በስህተት ተጣፍቶ ፎቶው ይሻል ነበር። እሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ እመለስበታለሁ።)

ዕቃውን ደብረ ማርቆስ ድሮ ፎቶ ቤት ለነበራቸው አንድ አባት አሳየኋቸው። ገና ከእጄ ሲቀበሉኝ «ምነው ልጄ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል» አሉ።

ባትሪ የማይፈልጉት የድሮ መለኪያዎች አብዛኞቹ በሴሌኒየም የሚሠሩ ናቸው። ብርሃን ሲያርፍበት ሴሌኒየሙ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ መርፌዋን የሚገፋት እሱ ነው። በጉልበታቸው ዘመን ግሩም ነበሩ። ግን ሴሌኒየም ያረጃል፤ እርጥበት ሲገባው ደግሞ ይብስበታል። ሲደክም ወዲያው አይሞትም። መርፌዋ ትንቀሳቀሳለች፣ ግን መድረስ ያለባት ቦታ አትደርስም። ስለዚህ ብርሃኑ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላታል፣ እናንተ ደግሞ አብዝታችሁ ትከፍታላችሁ።

«አይኤስኦውን ከፍ አድርገህ አካክሰው» ያለኝ ጓደኛ አለ። ሞክሬዋለሁ። የእኔው ፀሐይ ላይ 3 ስቶፕ ይሳሳታል፣ ጥላ ውስጥ 4፣ ቤት ውስጥ መርፌዋ ጭራሽ ተኝታለች። ስህተቱ ራሱ ከቦታ ቦታ ከተለያየ ምኑ ይካካሳል?

በቅሎ ስንገዛ ጥርሷን ሳናይ ብር አንቆጥርም። ላይት ሜትርም ከሱቁ ወጥቶ ይታይ። ፀሐይ በጠራችበት እኩለ ቀን፣ ፊልሙ 100 ከሆነ 1/100 አካባቢ በኤፍ 16 ማለት አለበት። ይሄ የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሕግ ነው፣ መለኪያ ሳይኖርም ይሠራል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ ሱቁ ውስጥ ለኩ። ስልካችሁ ላይ በነፃ የሚወርድ የላይት ሜትር አፕ አለ፤ ሁለቱንም አንድ ነገር ላይ አነጣጥራችሁ አወዳድሩ። ሦስቱም ቦታ በግማሽ ስቶፕ ቢለያዩ ግድ የለም። አንዱ ቦታ ተስማምቶ ሌላው ላይ ከራቀ ጥላችሁት ሂዱ። ሻጩ ከሱቅ አይወጣም ካለም እንደዚያው።

ባትሪ የሚፈልጉት አሮጌዎችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ብዙዎቹ የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ደግሞ በመርዛማነቱ ከገበያ ወጥቷል። ሻጩ በመጠን ልኩ የሆነ 1.5 ቮልት ባትሪ ከቶ ያሳያችኋል። ይሠራል፣ ግን ብዙዎቹ ላይ ንባቡ ይዛባል። የሶቪየት ዘመን ዕቃ ከሆነ ደግሞ የፊልም ቁጥሩን እዩ፤ በእነሱ የድሮ መለኪያ 90 የሚለው የእኛ 100 ነው።

መለኪያው ዓይን ላይ የምትደፋው ነጭ ጉልላትም መኖሯን አረጋግጡ። ከነገሩ የሚንጸባረቀውን የሚለካ መሣሪያ ያየውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ጋቢ የለበሰ ሰው ላይ ካነጣጠራችሁት ጋቢው አመድ መስሎ ይወጣል። ጉልላቷ ካለች ሰውየው አጠገብ ቆማችሁ ወደ ካሜራው አዙራችሁ ትለካላችሁ፤ የሚለካው በሰውየው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው፣ ልብሱ ነጭ ይሁን ጥቁር አይገደውም። በዓል ለሚያነሳ የጎጃም ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም። የእኔው ጉልላት ጠፍቶበት ነበር፤ ሻጩም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ገንዘብ ካላችሁ በሲልከን የሚሠራ አዲስ ቢጤ ፈልጉ። ሴኮኒክ ኤል-308 ለምሳሌ አንዲት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይበቃዋል። ከሌላችሁ የስልኩ አፕ ከእኔ 4,500 ብር ይሻላል።

ዕቃውን ልመልስ ሄጄ ነበር። «መርፌው ይንቀሳቀስ የለም እንዴ?» አለኝ ሰውየው። አልተቀበለኝም። ባለፈው ሳምንት በዚያው ሳልፍ ሌሎች ሦስት ተደርድረዋል። አንድ ልጅ መስኮቱ ጋ ቆሞ አንዱን በመዳፉ ይከልላል፣ ይገልጣል። ገባሁና «ወንድሜ፣ ስልክህን አውጣና ና ውጭ» አልኩት።