የእጅ ባትሪ፦ የቻርጅ ቀዳዳ ያለው ወይስ የሌለው?

የቻርጅ ቀዳዳ ያለው የእጅ ባትሪ ይመቻል፤ ውሃ ግን ደካማ ጎኑን አያጣውም። ቀዳዳውን የሚሸፍነው የጎማ ክዳን ሲከፈት ሲዘጋ ይላላል፤ ጠርዙ ላይ የተሰነቀረች የአሸዋ ቅንጣት ብቻ ውሃ ለማስገባት ትበቃለች። አይፒኤክስ7 (IPX7) የሚለው የውሃ መከላከል ደረጃ ምልክት 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ያመለክታል፤ የተፈተነው ግን አዲሱ ዕቃ ነው፣ ያውም ክዳኑ በደንብ ተገጥሞ።

ድንጋዩ እየወጣ በሌላ መሣሪያ የሚሞላው የውሃ መግቢያው ያንሳል። ወንዝ ለሚሻገር ሰው ይህንን እመርጣለሁ፤ ለዝናብማ ሁለቱም ይሆናሉ። የሚያሳስበው ድንጋዩ የሚወጣበት ተጠምዝዞ የሚከፈተው ክዳን ጥርስ ሥር ያለው የጎማ ቀለበት ነው፦ ክዳኑ በተፈታ ቁጥር ይፋቃል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። የሲሊኮን ቅባት በስሱ መቀባት ዕድሜውን ያራዝማል። መስተዋቱ ከውስጥ በእንፋሎት ከተሸፈነ፣ ድንጋዩን አውጥቶ ማድረቅ እንጂ አብርቶ መሞከር አያዋጣም።